አንቱታ ለኤሊ

ሴገድ በሚባል ከተማ፣ በቲሳ ወንዝ ዳር፣
ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከወጥ ቤት መስኮት ሥር፣
መስታወት ገንዳ ውስጥ ጎምቦትስ ይኖራሉ።
«ኤሊ አንቱ ይባላል ወይ?» ሰዎች ይስቃሉ።

ይሳቁ፤ ምን ላድርግ? ቋንቋዬ ኬላ አለው፣
ግስ ሁሉ ፆታውን ካላሳየ አያልፈው።
«በላ» ነው «በላች» ነው፤ ሦስተኛ በር የለም፣
ከአክብሮት በቀር መሸሸጊያ አላውቅም።
ስማቸው፣ ትርጉሙ ድቡልቡል ሊጥ ነው አሉ፤
ሲገዙ ሳንቲም ነበሩ፣ ዛሬ ሳህን ያክላሉ።

ለነቦርባላ ግን ይህ ጣጣ አልነበረም፤
በአገራቸው ልሳን እሱም እሷም የለም፤
አንዲት አጭር ድምፅ ከከንፈር ሾልካ ወጥታ
ወንዱንም ሴቷንም ትጠራለች፣ ሳትጠይቅ ፆታ።

ኤለሜር ትራሙን አሳድሮ ሲመለስ፣
ኮቱን ሳያወልቅ፣ ወንበር ላይ ሳይደርስ፣
«በሉ ወይ?» ይላታል። «በሉ» ትለዋለች፤
የዓሣው ሾርባ ላይ ፓፕሪካ ትነሰንሳለች።
አሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ ነው ወሬያቸው፣
ጎምቦትስን ይዘው። ሌላ ልጅ የላቸው።

ኤለሜር ከሞተ ሦስተኛው በረዶ
ቲሳ ላይ ቀልጦ ሄደ፣ ድልድይ ሥር ተናዶ።
መሳቢያ ስታጸዳ፣ ከሽቦና ብሎን
መሐል አገኘችው የትራም ካላንደሩን፤
ከየቀኑ አጠገብ በእርሳስ ተጽፏል፦
«ውሃ ተቀየረ»። «አምፖሉ ተቃጥሏል»።
«ጎረምሳው ተቆጣ፣ ጣቴን ሊነክስ ነበር»።
«የኔ ጎረምሳ ዛሬ ሞላ አንድ ስንዝር»።

«ጎረምሳው?» አለችና ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።
እሷ በልቧ ይዛ ሴት ልጅ ነው ያኖረች፤
ጠዋት ቅርፊቷን ስታጥብ በጥርስ ብሩሽ፣
በሆዷ፦ «የኔ ቆንጆ፣ እንዴት አደርሽ?»

አሥራ ሁለት ዓመት ባንድ ቃል ሲጫወቱ፣
እሱ ስለ ወንዱ፣ እሷ ስለ ሴቲቱ፤
አንድም ቀን ያቺ ቃል ሳትሰነጠቅባቸው።
ቋንቋ ገመና ይሸፍናል፤ ሸፈነላቸው።

አራተኛ ፎቅ ያለች፣ የጎረቤት ልጅ ሬካ፣
በአሥራ አራት ዓመቷ ኤሊ ታውቃለች ለካ።
እጅጌ ሰበሰበች፣ ፎጣም አመጣች፣
ጎምቦትስን በሁለት እጅ ከገንዳው አወጣች።

«የፊት ጥፍር ይዩ። ወንዱ ያስረዝማል፣
ከሴቲቱ ፊት ቀርቦ እያርገበገበ ይለምናል፣
እንደ ፒያኖ መቺ፣ ውሃ ላይ፣ በጣቶቹ።
የእኚህ ግን አጭር ነው፤ ይንኩት እንጂ፣ አይሽሹ።
ጅራት ደግሞ አለ። የወንዱ ወፍራም ነው፣
ከቅርፊቱ ጠርዝ ያልፋል ቀዳዳው።
የእኚህን ይመልከቱ፤ ቀጭን፣ የአይጥ ጅራት፣
ሆዳቸውም ለጥ ያለ፣ ስርጉድ የሌለበት።»

ጎምቦትስ በጀርባቸው፣ አጥተው መመለሻ፣
አየር ይቀዝፋሉ፣ እንደ ሹም በኬላ መፈተሻ።

«ሴት ናቸው» አለች ሬካ፣ ፎጣውን እያጠፈች።
ቦርባላ ማጣሪያው ሲንኮራኮር ሰማች።
አሸነፈች እንግዲህ፤ ግን ማንን ነው የረታች?
ክርክሩ ሳይጀመር ተከራካሪ አጣች።

ሬካ ግን ቀጠለች፦ «እንቁላሉ ውስጥ ሳሉ
ወንድም ሴትም አይደሉም፤ አሸዋውን ያያሉ።
ሞቅ ካለ ሴት ይሆናሉ፣ ከቀዘቀዘ ወንድ፤
ጥቂት ዲግሪ ነች የምትለይ መንገድ።»

«ጥቂት ዲግሪ» አለች ቦርባላ ለራሷ።
አልጋ ውስጥ የኤለሜር እግር በረዶ፣ እሳት የእሷ።

ማታ ሬካ ሄዳ፣ ሾርባው ሲንተከተክ፣
ካላንደሩን ዘረጋች በጠረጴዛው ልክ፤
እርሳስ ቀረጸች። ልታርመው መስሎኝ ነበር፣
«ጎረምሳ» የሚለውን ልትሰርዝ በመስመር።
አልሰረዘችም። ከመጨረሻው ቀን ሥር
በራሷ እጅ ጻፈች፦

«ጎረምሳው ደህና ነው።
ሰላጣውን በላ።»

ጎምቦትስ ግን ሰላጣውን አልነኩትም ነበር፤
ራሳቸውን ሸሽገው ተኝተዋል፣ ከድንጋዩ ሥር።